ከድመቶቹ በፊት የሴኞራዋን በር አንኳኩ

 

ከጥቂት ወራት በፊት ሎስ አንጀለስ የምትኖር አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። "ዶክተር፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከጎናችን የሚኖሩ አንዲት ሜክሲኳዊት እናት ዘጠኝ የሚሆኑ የጎዳና ድመቶችን ይመግባሉ። ግቢያችንን ወረውታል። አሁን ደግሞ አንዷ እኛ መኪና ሥር ወለደች። ድመት ጽንስ ያስወርዳል ይባላል፣ እውነት ነው? ለከተማው ደውዬ ላስነሳቸው አስቤያለሁ። ሴትየዋን ማናገር ዋጋ የለውም። እነዚህ ሰዎች ድመት ማምከን አይወዱም አሉ።"

የሕክምናውን ጥያቄ በአጭሩ መለስኩላት። የመጨረሻዋ አባባል ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። "እነዚህ ሰዎች አይወዱም አሉ።" ይህን ነገር ስለ እኛም ስንት ጊዜ ሰምተናል! ሐበሻ ቅድመ ምርመራ አይወድም፣ ሐበሻ ቀጠሮ አያከብርም፣ ሐበሻ ስለ አእምሮ ጤና ማውራት አይፈልግም ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ ሲጣራ በቋንቋችን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጎዳና ድመቶችና ስለ ላቲኖ ጎረቤቶቻችን ላወራችሁ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁም አትለፉት፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

መጀመሪያ የጤናውን ነገር እንጨርስ

👉 ቶክሶፕላዝሞሲስ፦ ይህ ጥገኛ ተሕዋሲ ድመት አንጀት ውስጥ ይራባል፣ ከዓይነ ምድሯም ጋር ይወጣል። ይበልጥ የሚያሰጋው አንዲት ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ስትያዝ ነው፤ ያኔ ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ድመት ዕድሜ ልኳን አታስተላልፍም። አብዛኛውን ጊዜ የምታስወጣው መጀመሪያ በተያዘችበት ሰሞን ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። የወጣውም ቢሆን ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ድመት በአጠገብሽ ስላለፈች ጽንስ አይወርድም። አፈር ስትነኪ ጓንት አድርጊ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጎመንና ሰላጣውን ደጋግመሽ እጠቢ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች አሸዋዋን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያልበሰለ ሥጋም አንዱ ትልቅ መተላለፊያ ነው። ከጎረቤት ድመት እየሸሸን ለብለብ ክትፎ የምናዝዝ ነፍሰ ጡሮች ካለን ቆም ብለን እናስብ።

👉 የቁንጫ ታይፈስ፦ ይህን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። በቅማል ከሚመጣው ታይፈስ ጋር ቤተሰብ ነው፤ ይህኛው ግን የሚመጣው በቁንጫ ነው። ቁንጫው የሚኖረው በድመት፣ በአይጥና ኦፖሰም በሚባል ድመት የሚያክል የዱር እንስሳ ላይ ነው። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመዘገቡት 31 ሕሙማን ነበሩ፤ በ2022 ግን 171 ደርሰዋል፣ በዚያው ዓመትም ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ቴክሳስ ውስጥም አለ። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ አንዳንዴ ሽፍታ ያመጣል። ቶሎ ከታወቀ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት በደንብ ያክመዋል። ችግሩ ጉንፋን ነው ተብሎ መታለፉ ነው። በነዚህ አካባቢዎች የምትኖሩ ትኩሳት ይዟችሁ ሐኪም ቤት ስትሄዱ "ግቢያችን ድመትና ቁንጫ አለ" በሉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ያንንም አብራችሁ ተናገሩ።

👉 የእብድ ውሻ በሽታ፦ አሜሪካ ውስጥ ከቤት እንስሳት መካከል በዚህ በሽታ ተይዛ በብዛት የምትገኘው ውሻ ሳትሆን ድመት ናት፤ በዓመት ከ200 በላይ ይመዘገባሉ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ዋናው ተሸካሚ የሌሊት ወፍ ነው፣ ድመት ላይ መገኘቱ በጣም ብርቅ ነው። ቢሆንም የማታውቁት ድመት ከነከሳችሁ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ውስጥ ለውስጥ ያመረቅዛል።

እንግዲህ የእህታችን ስጋት ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ፍርሃቷ መጠኑን ቢያልፍም በግቢው ያለው ድመት ብዛትና ቁንጫው እውነተኛ የጤና ጉዳይ ናቸው። ጥያቄው መፍትሔው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ማስነሳት ለምን አይሠራም?

አንዲት ድመት ከአራት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ነው። በአንድ ጊዜ አራት ገደማ ትወልዳለች፣ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ። እያጠባች እንኳ ልታረግዝ ትችላለች። ከሚወለዱት ብዙዎቹ ስድስት ወር ሳይሞላቸው በመኪና፣ በበሽታና በረሃብ ያልቃሉ። የተረፉት ደግሞ እንደገና ይወልዳሉ። ዘጠኙን ድመት ዛሬ ጠራርጎ ወስዶ ቢሄድም ምግቡና መጠለያው እዚያው ስላለ ከሚቀጥለው መንገድ ያልመከኑ ድመቶች ይመጣሉ። በዓመቱ እንደገና ዘጠኝ ናቸው። በዚያ ላይ ሴኞራዋ አኩርፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ባለሙያ ቢመጣ በር አይከፍቱም።

የሚሠራው ማምከን ነው። ወንዱን ማኮላሸት፣ የሴቷን ደግሞ ማህፀንና የእንቁላል ማፍሪያ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለበዓል ሙክት የምንገዛ፣ በተኮላሸ በሬ የምናርስ ሕዝቦች ነን። በጎዳና ድመት ላይ ሥራው እንዲህ ነው፦ ድመቷ ምግብ በተቀመጠበት የሽቦ ሳጥን ውስጥ ትገባለች፣ ክሊኒክ ትወሰዳለች፣ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ትመክናለች፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተባለች፣ የቁንጫ መድኃኒትም ሊደረግላት ይችላል። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይታ ወደነበረችበት ትመለሳለች። ተኝታ ሳለች የአንዱ ጆሮዋ ጫፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራው፣ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። መንገድ ላይ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ድመት ካያችሁ ማንም አልጎዳትም። "ታክሜያለሁ፣ ደግማችሁ አትያዙኝ" ማለቷ ነው።

የመከነች ድመት አትወልድም። የመከነ ወንድ ሌሊት ሙሉ እየጮኸ አይጣላም፣ በየግድግዳው እየሸና ያንን ሽታ አያመጣም። ከሁሉም በላይ አዳዲስ ግልገሎች ሲቀንሱ ቶክሶፕላዝማን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስወጡ፣ ያልተከተቡ፣ ቁንጫ የወረራቸው ትንንሽ ድመቶችም ይቀንሳሉ። ለነፍሰ ጡሯ እህታችን የሚጠቅማት እንግዲህ ይሄኛው ነው።

ቁልፉ ሴኞራዋ እጅ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ብዙ ሰው ማምከን የሐኪምና የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። የጎዳና ድመት ግን እንዴት ነው የሚያዘው? ርቦት መሆን አለበት። ሳጥኑ ከመጠመዱ አንድ ቀን በፊት ምግብ መቋረጥ አለበት። በጎ ፈቃደኞች አስር ሳጥን ይዘው በጠዋት ቢመጡና አንዲት ደግ እናት ግን ሌሊቱን ሩዝና ዶሮ አውጥተው ቢያበሏቸው፣ አንድም ድመት ሳጥን ውስጥ አይገባም። በቃ፣ የዚያ ቀን ሥራ ዜሮ ነው። የክሊኒኩ ቀጠሮም ተቃጠለ።

ሁለተኛ፣ ከዘጠኙ ሦስቱን ብቻ ማምከን ብዙም አይጠቅም። የቀሩት ሴቶች ቦታውን በአንድ ወቅት መልሰው ይሞሉታል። አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ መምከን አለባቸው። ታዲያ ስንት ድመት እንዳለ፣ የትኛዋ እንደምታጠባ፣ ግልገሎቹ የት እንደተደበቁ፣ የትኛው ወንድ ማታ ማታ ብቻ እንደሚመጣ የሚያውቀው ማነው? ባለሙያው አያውቅም። እኚያ በየማታው ሳህን ይዘው የሚወጡት እናት ናቸው የሚያውቁት። እሳቸውን ጥሎ የሚጀመር ሥራ ሁሉ ግማሽ ላይ ይቀራል።

በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ነዋሪ ላቲኖ ነው። በመላ አሜሪካ ደግሞ በ2020 ቆጠራ ከ62 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ስለዚህ እነሱን ያላሳተፈ ድመት የማምከን ዕቅድ ቂርቆስንና ልደታን ትቶ አዲስ አበባን ከትቤያለሁ እንደሚል ሰው ነው።

"አይወዱም" የሚለው ወሬ

ብዙዎች የሚያነሱት ምክንያት ባሕል ነው። ወንድ እንስሳ ማኮላሸት ወንድነቱን መንፈግ ነው የሚል ሰው አለ፣ አንዴ ትውለድ የሚል አለ፣ ተፈጥሮን መንካት ኃጢአት ነው የሚልም አለ። አዎ፣ እንዲህ የሚል ላቲኖ ይኖራል። እንዲህ የሚል ነጭ አሜሪካዊም አለ፣ እንዲህ የሚል አበሻማ ሞልቷል! ይህ በውይይት የሚፈታ ነገር ነው።

ስለ ሜክሲኮ አንድ እውነት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሜክሲኮ ውስጥ 60 ሰዎች ከውሻ በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ተይዘው ነበር። መንግሥት በዚያው አስርት ዓመት ሰፊና ነፃ የውሻ ክትባት ዘመቻ ጀመረ። ሕዝቡ ውሻውን በገመድ እየጎተተ፣ ሕፃናት ቡችላ አቅፈው፣ በየሠፈሩ ወደተዘጋጀው ጠረጴዛ ሄደ። ከውሾቹ ከ80 በመቶ በላይ ተከተቡ። በ1999 ሕሙማኑ ሦስት ብቻ ሆኑ፣ በ2006 ዜሮ። በኅዳር 2019 የዓለም ጤና ድርጅት ሜክሲኮን ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ የሰው ሞትን በማጥፋት ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ብሎ መሰከረላት። ከዓለም የመጀመሪያዋ! በዚያ አገር በየከተማው በማዘጋጃ ቤቶች የሚካሄዱ ነፃ የማምከን ዘመቻዎችም የተለመዱ ናቸው።

እንግዲህ ከዚያ አገር የመጡ እናት ናቸው "እነዚህ ሰዎች አይወዱም" የሚባሉት። አገራቸው እያሉ አገልግሎቱ ሠፈራቸው ይመጣላቸው ነበር፤ በቋንቋቸው፣ በነፃ፣ ማን ነህ ሳይባል። እዚህ ግን እሳቸው አገልግሎቱን እንዲፈልጉት ነው የሚጠበቀው።

ታዲያ ምንድን ነው የሚያግደው?

አንደኛው ገንዘብ ነው። አንዲት ሴት ድመት በግል ክሊኒክ ማስመከን ብዙ መቶ ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ዘጠኝ ድመት የሚመግብ የጽዳት ሠራተኛ ይህን ከየት ያመጣል? ርካሽና ነፃ ክሊኒኮች አሉ፣ ወረፋቸው ግን ረጅም ነው። በ2020 ጸደይ በኮቪድ ምክንያት ብዙ ክሊኒኮች ማምከን አቁመው ነበር፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪም እጥረት ተጨመረበት። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ለወፎች የሚቆረቆሩ ማኅበራት ከሰው ከተማው ከ2010 ጀምሮ ለአስር ዓመት ገደማ የጎዳና ድመት ይዞ የማምከንና የመመለስ ሥራን እንዳይደግፍ በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር። ምክር ቤቱ አዲሱን ፕሮግራም ያጸደቀው በታኅሣሥ 2020 ነው። በነዚያ ዓመታት ሸክሙ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ቋንቋ ስል መተርጎም ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው ማምከንን "ፊክስ ማድረግ" ይለዋል። ይህን በስልክ መተርጎሚያ ቃል በቃል ብትለውጡት "ድመትህን ጠግን" ሊል ይችላል። ብዙ የላቲኖ እናቶች በቤታቸው የሚሉት "ኦፔራር" ነው፣ ማስቀደድ እንደምንለው። ፌራል የሚለው ቃልም የዱር አውሬ ያስመስላቸዋል። እሳቸው የሚያውቋቸው የሠፈር ድመቶች፣ የመንገድ ድመቶች ናቸው። "ወጥመድ" ብላችሁ ከጀመራችሁ ደግሞ ልትገድሏቸው የመጣችሁ ነው የሚመስላቸው። በተጨማሪም ላቲኖ ሁሉ ስፓኒሽ አይናገርም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሜክሲኮ ኦሃካ የመጡ ሳፖቴክ፣ ከጓቲማላ የመጡ ኪቼ ተናጋሪዎች አሉ። እዚያ ተወልደው እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩም አሉ። ለእኛ ይህ ግልጽ ነው፤ ለአንድ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ እናት "ኢትዮጵያዊት ነሽ" ተብሎ የአማርኛ ወረቀት ብቻ ሲሰጣት አይተናል።

ሦስተኛውና ከባዱ ፍርሃት ነው። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው፣ አርማ ያለው መኪና፣ ስምና አድራሻ የሚጠይቅ ቅጽ። ወረቀቱ ያላለቀለት ቤተሰብ ይህን ሲያይ ስለ ድመት አያስብም። በ2019 ስደተኛ "የመንግሥት ሸክም" ነው የሚያስብለውን ደንብ ሲያጠብቁት፣ ደንቡ የማይመለከታቸው ቤተሰቦች ጭምር ዜጋ ለሆኑ ልጆቻቸው የሚገባውን እርዳታ ሳይቀር መተዋቸው በሰፊው ታይቷል። ደንቡ በ2021 ተነሥቷል፣ ፍርሃቱ ግን በአዋጅ አይነሣም። የእኛም ሰው በዚያን ጊዜ "ክሊኒክ ብሄድ ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

አራተኛው ሰዓት ነው። ድመቷን በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት አድርሱ፣ ማታ አስር ሰዓት ሳይሞላ ውሰዱ ይባላል። መኪና የሌለው፣ ቀርቶ የዋለበት ደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው እንዴት አድርጎ?

ከነዚህ ከአራቱ አንዱም ድመት አለመውደድ ወይም ግዴለሽነት አይደለም። ከአነስተኛ ደመወዛቸው በየሳምንቱ የድመት ምግብ ቀንሰው የሚገዙ እናት ግዴለሽ ናቸው ቢባል ማን ያምናል?

መፍትሔውን እኛ እናውቀዋለን

በላቲኖ ማኅበረሰብ "ፕሮሞቶራ" የሚባሉ ሴቶች አሉ። ከዚያው ሠፈር የወጡ፣ ሥልጠና የወሰዱ፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ ናቸው። ሐኪም አይደሉም። የሠፈሩ ሰው ግን ከሐኪሙ ይልቅ እነሱን ያምናል።

ይህን ስታነቡ ማን ትዝ አላችሁ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ! ኢትዮጵያ ይህን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ስትጀምር፣ ከዚያም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን ስታሠማራ፣ የእናቶችን ክትባትና የመጸዳጃ ቤትን ጉዳይ የቀየረው በራሪ ወረቀት አልነበረም። ገብታ የተቀመጠች፣ ቡና የጠጣች፣ የልጁን ስም የምታውቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሳ የምትመጣ ልጅ ናት የቀየረችው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። የላቲኖ ማኅበረሰብን በድመት ማምከን ማሳተፍ ማለት ፖስተር ወደ ስፓኒሽ መተርጎም አይደለም። ከማኅበረሰቡ ለወጣ ሰው ደመወዝ ከፍሎ በር እንዲያንኳኳ ማድረግ ነው። ፔትስ ፎር ላይፍ የሚባለው ፕሮግራም ሎስ አንጀለስን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች በዚህ መንገድ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይሠራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡት ቀላል ናቸው፦

✅ ቅዳሜና እሑድ ቀጠሮ ይኑር፣ ድመት ወስዶ የሚመልስ መኪና ይኑር።
✅ ቦታው ሰው ያለበት ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ የእሑድ ገበያ።
✅ ለጎዳና ድመት መታወቂያ አይጠየቅ። የሚጠየቅ መረጃ ካለ ለማን እንደሚሄድ መጀመሪያ ይነገር።
✅ ግንኙነቱ በዋትስአፕ በድምፅ መልእክት ይሁን። የማያነብም ሰው ይሰማዋል።
✅ መጋቢዋ እናት የሥራው መሪ ይሁኑ። ማን እንደቀረ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የክሊኒክ ቦታ ሳትይዙ በር አታንኳኩ። ሰውን አሳምኖ፣ "አዎ እሺ" አስብሎ፣ ከዚያ "ቀጠሮው ከስድስት ወር በኋላ ነው" ማለት ከቶውንም ካለመሄድ የከፋ ነው። በነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ ድመቷ ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፣ ያ እምነት ደግሞ ሁለተኛ አይመለስም። እኛም ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሳይኖር እናቶችን "ኑ" ብለን ጠርተን የከፈልነውን ዋጋ እናውቃለን።

የተቃዋሚዎቹንም ስሙ

ወፍ ወዳጆቹ ሐሰት አልተናገሩም። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፎችን እንደሚገድሉ ገምቷል፤ ብዙውን የሚገድሉት ባለቤት የሌላቸው ናቸው። የመከነች ድመትም ታድናለች። የጤና ባለሥልጣናትም ውጭ የሚቀመጥ ምግብ አይጥና ኦፖሰም፣ ከነሱም ጋር ቁንጫ ያመጣል ሲሉ ልክ ናቸው። ስለዚህ ምግቡ በሰዓት ይሰጥ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተረፈው ይነሣ፣ ሌሊት ውጭ አይደር። ለሰው የለመዱ ግልገሎች ቤት ያግኙ፣ ቤት ውስጥም ይደጉ። ግን ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ምክር ለመስማት መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። የተኮረፉ እናት ምግቡን አያቆሙም፤ ተደብቀው ሌሊት ያወጡታል።

አዲስ አበባ ላላችሁ

እኛ ጋ ጉዳዩ የውሻ ነው። በዓለም በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59 ሺህ የሚገመት ሰው ይሞታል፣ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው በውሻ የተያዘ ነው። ከውሾች 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው ቢከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል። እኛ ግን ለብዙ ዘመን የለመድነው ሌሊት መርዝ መበተን ነው። ጠዋት ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያዩት የሞተ ውሻ ነው፣ በዓመቱ ደግሞ አዲስ መንጋ። ሠፈር ውስጥ ፍርፋሪ የሚሰጡት የጥበቃ አባትና ጉሊት የምትሸጠዋ እናት እያንዳንዱን ውሻ በስሙ ያውቁታል። ለክትባት ዘመቻ መሪ የሚሆኑት እነሱ ነበሩ፣ የጠየቃቸው ግን የለም።

እህታችን ምን አደረገች?

የጻፍኩላት ይህን ነበር፦ "ለከተማው ከመደወልሽ በፊት ዳቦ ይዘሽ በራቸውን አንኳኪ። ስለ ድመት ወቀሳ እንዳትጀምሪ። ማርገዝሽን ንገሪያቸው፣ ድመቶቹ ስንት እንደሆኑ ጠይቂያቸው።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሰችልኝ። ድፎ ዳቦ ይዛ ሄዳለች። የሴኞራዋ የልጅ ልጅ አስተርጉማላቸዋለች። ለካስ እሳቸው ከዓመት በላይ ነፃ ማምከኛ ሲፈልጉ ኖረዋል! የደወሉበት ስልክ በእንግሊዝኛ "ይህን ለመምረጥ ሁለትን ይጫኑ" እያለ ተስፋ አስቆርጧቸው ዘግተውታል። ድመቶቹም ዘጠኝ ሳይሆኑ አስራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ስም አላቸው። እህታችን በእንግሊዝኛ ደውላ ቀጠሮውን ያዘች፣ ባሏ በቫኑ አመላለሰ፣ ሴኞራዋ ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ አቆሙ፣ ማልደውም እያንዳንዷን በስሟ እየጠሩ ሳጥን ውስጥ አስገቡ። መጀመሪያ ቀን አምስት መከኑ። ስድስቱ ቀርተዋል፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ገና ነው። ከመኪናው ሥር የተወለዱት ሁለት ወር ሲሞላቸውና ኪሎ ሲጠጉ እነሱም ይገባሉ። ሥራው አላለቀም። ግን አንድ ነገር ጨምራ ጻፈች፦ "ዶክተር፣ ሴኞራ ምጥ ሲመጣብኝ ትልቋን ልጄን እሳቸው ሊይዙልኝ ቃል ገብተውልኛል።"

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይሉ የለ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውም ይባላል። አስራ አንድ ድመት ለአንዲት እናት ሸክም ነው። ቀጠሮ የሚይዝ፣ መኪና የሚነዳ፣ የሚያስተረጉምና የሚያውቃቸው ሰው ሲገናኙ ግን በሁለት በሦስት ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ወጣ ብላችሁ የሠፈራችሁን ድመቶች ጆሮ እዩ። ጫፉ ያልተቆረጠ ከበዛ የሚመግባቸውን ሰው ፈልጉና ሰላም በሉት። አገር ቤት ያላችሁም የሠፈር ውሾቹን ስም ጥበቃውን አባት ጠይቁ።

ይህ ጽሑፍ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው ሼር አድርጉ። በተለይ ነፍሰ ጡር ለሆነችና ድመት ለምትፈራ እህት ላኩላት።

ጤናችሁ ይብዛ!